ደጋው ከየት ይጀምራል?

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ መንገደኛ ጉዞውን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ጀምሮ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ይጨርሳል። ፊቱን ወደ ቡሬ መልሶ፣ ከዚያም የነቀምቴን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ ቢወርድ ደግሞ ሳይመሽ ቆላ ይገባል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ሀገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል በቃላቱ አይቸገርም። ገብስና ድንች የሚስማማውን፣ በቆሎና በርበሬ የሚሰጠውን፣ ማሽላ የሚችለውን መሬት ለይቶ ያውቃል፤ ዘሩንም ቀኑንም በዚህ ዕውቀት ይመርጣል። ሆኖም ያ መንገደኛ ወይና ደጋውን ለቆ ደጋ የገባው በየትኛው እርምጃው ላይ እንደ ሆነ ቢጠየቅ መንገደኛውም ገበሬውም መልስ የላቸውም። ሀገሩን አላወቁት አይባልም፤ ቃሉ ራሱ እንዲህ ያለ ዳር የለውም። የሰውን ቃል ተቀብለው የሚያመዛዝኑ ኮምፒውተሮች በግብርናው፣ በጤናውና በአስተዳደሩ እየገቡ ባሉበት ዘመን ዳር የሌለው ቃል ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። እኔ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ለሥራ ሲባል ቃሉ ላይ ዳር ማበጀት አንዳንዴ ግድ ይሆናል፤ ያበጀው ሰው ግን መታወቅና መጠየቅ አለበት፤ ማሽኑም ሰው ያበጀውን ዳር ከተፈጥሮ እንዳገኘው አድርጎ መናገር አይገባውም።

ጥያቄው ዕድሜ ጠገብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሚሊጢኑ ኤውቡሊደስ አቀረበው የሚባለው የክምር እንቆቅልሽ ለጎጃም አውድማ እንግዳ አይሆንም። ከጤፍ ክምር ላይ አንድ ነዶ ቢወሰድ የቀረው አሁንም ክምር ነው። ደግሞ አንድ ቢወሰድ ያው ክምር ነው። አንድ ነዶ መጉደሉ ክምርን ክምር ከመባል አያወጣውም የሚለውን የሚክድ ሰው አይገኝም። በዚህ መንገድ እየተነሣ እየተነሣ እስከ መጨረሻው ከተኬደ ግን ሜዳው ላይ ብቻዋን የቀረችው ነዶ ክምር ናት ተብሎ ይደመደማል። እያንዳንዱ እርምጃ እውነት መስሎ መድረሻው ሐሰት ይሆናል ማለት ነው። ጀርመናዊው የሎጂክ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ ለመሸሽ ዳሩ ያልተለየ ጽንሰ ሐሳብ ለአመክንዮ አይበቃም አለ። በርትራንድ ራስል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፉ የሰው ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር ብዥታ ያለበት መሆኑን ተከራከረ። ሁለቱን ደርቦ የተቀበለ ሰው አመክንዮ በሰው ቋንቋ ላይ ሥልጣን የለውም ወደሚል ድምዳሜ ይገፋል። ኑሮ ግን ይህን አያረጋግጥም። ሰው በእነዚሁ ዳር የለሽ ቃላት እያሰበ ሲያርስ፣ ሲዳኝና ሲታረቅ ኖሯል፤ ብዙውን ጊዜም በትክክል አስቧል።

ከመቀጠሌ በፊት፣ በተለይ በጎጃም ምድር በቀላሉ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ስለ አማርኛና ስለ ኮምፒውተር ወሬ በተነሣ ቁጥር ወዲያው ቅኔ ይጠቀሳል፤ የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ ሀገር የሰምና ወርቁን ቋንቋ ማሽን እንዴት ይገባዋል ብሎ መጠየቁ አያስገርምም። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሌላ ጥያቄ ነው። የቅኔ ሰም ጥርት ያለ ነው፤ ወርቁም ጥርት ያለ ነው። መምህሩ ኅብሩን፣ ሁለቱን ትርጉም የያዘውን ቃል፣ አመልክቶ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ነገሩ ተፈታ። አሻሚ ቃል ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል ነው፤ የትኛው እንደ ታሰበ ሲታወቅ ችግሩ ያበቃል። ስለ አየር ንብረት በሚነገርበት ቦታ ግን ደጋ የሚለው ቃል ትርጉሙ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዳሩ አይያዝም፤ ብዥታ የምለው ይህን ነው። ምንም ያህል ማብራሪያ ቢጨመርበት አይፈታም፤ በምስጢር የተሸሸገ ነገር የለምና። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ ኮምፒውተሩን አሻሚ ቃላትን መለየት ቢያስተምረው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ስለ ብዥታ ግን ገና ምንም አላስተማረውም።

መሐንዲሶች በቅድሚያ የሚይዙት መፍትሔ ቁጥር ነው። ደጋ ከ2,300 ሜትር ይጀምራል የሚሉ ብዙ መጻሕፍት አሉ። 2,400 የሚሉ አሉ፤ 2,500 የሚሉም አሉ። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ በመጀመሪያው ቁጥር ደጋ፣ በሁለተኛው ወይና ደጋ ትሆናለች። ደብረ ማርቆስ በሁለቱ ቁጥሮች ደጋ ሆና ቆይታ በሦስተኛው ወይና ደጋ ትሆናለች። ከተሞቹ ከቦታቸው ፈቀቅ አላሉም፤ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው የተሻለ መሣሪያ ይዞም አልለካም። ሁሉም ቃሉ ውስጥ ያልነበረ ነገር በየፊናቸው ጨመሩበት። ደግሞስ ከፍታ ብቻውን ደጋን ያደርጋል ያለው ማን ነው? ውርጩ፣ ነፋሱ፣ የተዳፋቱ አቅጣጫና የአፈሩ ጠባይ ሁሉ በገበሬው ቃል ውስጥ አሉ። ቁጥሩ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ጥሏል።

ነገሩ ማሳ ላይ ሲደርስ ከመጽሐፍ ክርክር ይወጣል። በባኮ የምርምር ማዕከል የተገኘው ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ባለው መሬት ላይ እንዲዘራ ይመከራል። ቡሬ ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአካባቢው ሽቅብ ያለ ማሳ በቀላሉ ከዚህ ወሰን ያልፋል። በ2,199 ሜትር ላይ የተስማማ ዘር በ2,201 ሜትር ላይ አይስማማም የሚል የዘር ተመራማሪ የለም። እንዲህ የሚለው ቁጥሩን እንዳለ የተቀበለ ፕሮግራም ብቻ ነው። በጎጃም ብዙ ማሳ ያጠቃው የአፈር አሲዳማነትም እንዲሁ ነው። ኖራ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም ለማለት ፒኤች 5.5 እንደ ወሰን ሲያዝ ይታያል፤ ከአንድ ማሳ ሁለት ጥግ የተወሰደ ናሙና ግን አንዱ ከወሰኑ በታች፣ ሌላው ከወሰኑ በላይ ሊሆን ይችላል። ኖራ ደግሞ በኩንታል የሚሸከሙት፣ ገንዘብም ጉልበትም የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ወሰኑ በገበሬው ኪስ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የዝናብ መግባት ነው። ዝናቡ ገባ የሚለውን አነጋገር ለማጥራት የአየር ጠባይ አጥኚዎች ከሚሠሩባቸው መለኪያዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ በተከታታይ 3 ቀናት በድምሩ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ 10 ቀን ያህል የሚረዝም ድርቀት ካልተከተለ፣ ዝናቡ በዚያ ጊዜ ገብቷል ይባላል። የሠላሳ ዓመት መዝገብ ዘርግቶ ያለፈውን ለሚያጠና ሰው ይህ መለኪያ ጥሩ ነው። ማሳውን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ አርሶ፣ የበቆሎ ዘሩን አዘጋጅቶ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለቆመ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ግን ከንቱ ነው፤ ዝናቡ መግባቱን በዚህ መለኪያ የሚያውቀው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነውና። ቃሉ ጥርት ሲል ለሥራ የማይበጅ ሆነ። ገበሬው ገባ ሲል የአፈሩን እርጥበት በእጁ አይቶ፣ ያለፉትን ዓመታት አስታውሶ፣ ዛሬ ሊወስን የሚችለውን ውሳኔ መወሰኑ ነው። በቃሉ ላይ ያለው ብዥታ የዕውቀት ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር የሚረሳው ይህ ነው፤ ሳያውቁ መወሰን ግድ በሚሆንበት ቦታ፣ ልል የሆነ ቃል ከጠበቀ ቃል ይልቅ ይሠራል።

ብዥታን ራሱን ለኮምፒውተር የሰጠ ታላቅ ሙከራ አለ። በባኩ የተወለደውና በካሊፎርኒያ በበርክሊ ያስተማረው ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ነገር የአንድ ስብስብ አባል ነው ወይም አይደለም ከማለት ይልቅ በዜሮና በአንድ መካከል ባለ መጠን አባል ይሁን አለ። ፈዚ ሎጂክ የሚባለው ከዚህ ተነሣ። በለንደን ማምዳኒና አሲሊያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንፋሎት ሞተር ተቆጣጠሩበት፤ በጃፓን የሰንዳይ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዚህ ስልት ሳይንገጫገጭ ቆመ። ይህን ያህል የሠራ ሐሳብ በቀላሉ አይጣልም። ግን የሠራበትን ቦታ እንመልከት። ፍሬን የሚይዝ ማሽን የሚፈልገው ልስልስ ያለ እርምጃ ነው፤ የመጠኑ ቁጥር ትክክል መሆን አለመሆኑን የባቡሩ አቋቋም ራሱ ይፈትነዋል። ማመዛዘን ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ በ0.5 መጠን ደጋ፣ በ0.5 መጠን ወይና ደጋ ናት እንበል። በተለመደው የፈዚ ሎጂክ ሕግ «ወይ» ከሁለቱ ትልቁን፣ «እና» ትንሹን ይወስዳል። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ወይ ደጋ ወይ ወይና ደጋ ናት የሚለው ዐረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ብቻ ሆነ፤ ደጋም ወይና ደጋም ናት የሚለውም እኩል ግማሽ እውነት አገኘ። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል፤ ሁለተኛው ቃላቱ ራሳቸው የሚከለክሉት ነገር ነው፤ አንዱ በሚያልቅበት ሌላው ይጀምራልና። ማሽኑ የከተማይቱን ነገር ብቻ ሳይሆን ቃላቱ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና አጠፋው። በዚያ ላይ 0.5 ከየት መጣ? ለምን 0.47 አልሆነም? አንድ ወሰን ማስመር ድፍረት ነው ብለን የሸሸን ሰዎች አሁን ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ቁጥር አሰመርን፤ ለእያንዳንዱም የሚጠየቅ ሰው የለም።

እኔ የተሻለ መንገድ ሆኖ ያገኘሁት ፈላስፋው ኪት ፋይን እ.ኤ.አ. በ1975 በሰፊው ያብራራው ነው። ሐሳቡ ቃሉን በአንድ ወሰን አያስርም፤ ቃሉ የሚፈቅዳቸውን ወሰኖች ሁሉ ጎን ለጎን ይይዛል። በሁሉም ወሰኖች እውነት የሆነው በእርግጥ እውነት ነው፤ በሁሉም ሐሰት የሆነው በእርግጥ ሐሰት ነው፤ በአንዱ እውነት በሌላው ሐሰት የሆነው ገና አልተወሰነም። ዓባይ በረሃ ቆላ መሆኑ፣ የጮቄ ጫፍ ከወይና ደጋ በላይ መሆኑ የትኛውም ወሰን ቢያዝ ይጸናል፤ ማሽኑ ያለ ማመንታት ይናገረው። ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት አይደለችም ሲባል ደግሞ ዝም ይበል። ዝም ያለበት ቦታ ላይ እንኳ ግን ማመዛዘኑ አይቆምም፤ ይህ ነው ድንቁ። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከፍታው ብቻ ቢለያይ፣ ደብረ ማርቆስ ደጋ ከተባለች ከእርሷ በላይ ያለው ሁሉ ወይና ደጋ ሊሆን አይችልም የሚለው በሁሉም ወሰኖች እውነት ነው። ወይ ደጋ ወይ ወይና ደጋ መሆኗም እውነት ነው። ሁለቱንም አለመሆኗ እውነት ነው። አንድም ሜትር ሳይቆረጥ ከእነዚህ ብዙ ትክክለኛ ድምዳሜ ይወጣል። ኮምፒውተር ደግሞ በዚህ አይከብደውም፤ አንዱን ስሌት በሦስት ወይም በሠላሳ ወሰን ደጋግሞ መሥራት ለእርሱ ቀላል ነው። ማሽን ቁጥር ስለሚፈልግ ቃሉን መቁረጥ ግድ ነው የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ማሽን ቁጥር ይፈልጋል፣ አንድ ቁጥር ብቻ ግን አይፈልግም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በአንድምታ ትርጓሜ ይህን የመሰለ ሥርዓት ለዘመናት ይዘውት ኖረዋል። መምህሩ ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ይሰጥና አንድም ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያባርረውም፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ልዩነት እንዳለ አልክድም። አንድምታ የትርጉም ብዛትን የሚይዝ ነው፤ እያንዳንዱንም ስለ ራሱ ያከብረዋል እንጂ ሁሉም የሚስማሙበትን ብቻ አይፈልግም። ይሁን እንጂ ከዚያ ሥርዓት አንድ ነገር ለማሽን ሰሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አንድም ተብሎ የሚጨመረው ሰው ደስ ያለው ሐሳብ ሁሉ አይደለም፤ ከመምህር ወደ መምህር የወረደ፣ ምስክር ያለው ፍቺ ነው። በብዥታ ጉዳይም የሚፈቀዱት ወሰኖች የትኞቹ ናቸው ሲባል መልሱ እንዲሁ ነው፦ በሚናገሩበት ሰዎች ዘንድ ምስክር ያላቸው። 800 ሜትርን ደጋ የሚል ሰው በጎጃም የለም፤ ስለዚህ 800 ወሰን ሆኖ አይቀርብም። 2,300 እና 2,500 ግን ሁለቱም ተናጋሪ አላቸው።

ያልተወሰነው ቦታ ላይ ሥራ ሲመጣ ምን ይደረግ? ዘር መዘራት አለበት፣ ኖራ መታደል አለበት፣ በሽተኛ መታከም አለበት። እዚህ ላይ ወሰን ማስመር ግድ ይሆናል፤ ነገር ግን መስመሩን ማበጀት ድርጊት ነው፤ ድርጊት ደግሞ ባለቤት አለው። የጾምን ሥርዓት እንውሰድ። ልጅ ጾም የሚጀምርበት ዕድሜ በተለምዶ ከ7 ዓመት ጀምሮ እየተባለ ይነገራል፤ በቁጥር የተወሰነ ነው። በሽተኛ ከጾም እንዲፈታ ሲፈቀድ ግን የሕመሙ ልክ በቁጥር አልተነገረም፤ የንስሐ አባት በሽተኛውን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ኃላፊነቱን ወስዶ ይወስናል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሁለቱ አብረው መኖራቸው ስንፍና አይመስለኝም። ዕድሜ ለሁሉ እኩል ይቆጠራል፤ በቁጥር መያዙ ማንንም አይጎዳም። ሕመም ከሰው ሰው ስለሚለይ በቁጥር ቢያዝ ታማሚውን ይበድላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የይርጋ ዘመንን በዓመት ቆጥሮ፣ ሌላ ቦታ ላይ ግን እንደ በቂ ምክንያት ያሉ ልል ቃላትን ለዳኛ ኅሊና ትቷል። ሁለቱም መንገዶች የሚጠየቅ ሰው አላቸው፦ በአንዱ ሕግ አውጪው፣ በሌላው ዳኛው።

የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ የሚሆነውን ጎጃም በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ላይ አይቷል። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የያዙ ሰዎች ቢሮክራት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ባለ ርስት የነበሩ ደግሞ የፊውዳል ቅሪት ተባሉ። ይህ ስም የተሰጠው ገበሬ ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ለመሆኑ ቢሮክራት ማን ነው? ሊቀ መንበር የነበረው ነው። ጸሐፊ የነበረውስ? ለአጭር ጊዜ ተመርጦ የወረደውስ? ከክምሩ ላይ ነዶ እንደሚነሣው እየተነሣ ቢጠየቅ ማቆሚያ የሌለው ቃል ነው። በዳር የለሽ ቃል ላይ 2 ሄክታር መሬት የሚያስቀር ስለታም ውጤት ተሰቀለበት። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ያን የወሰነው ኮምፒውተር አልነበረም፤ ነገር ግን የአሠራሩ ቅርጽ ዛሬ በማሽን ሊሠራ የሚችለው ነው፦ ልል ቃል ይገባል፣ ስም ይወጣል፣ ውጤት ይከተላል፤ በመካከል ስለ ወሰኑ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚሁ ታሪክ ነው። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ ችግሩ ያለው በሰው እጅ ላይ እንጂ በቁጥር ላይ አይደለም፤ ቃሉን ለቀበሌ ሹም ከተውክለት ለዘመድ ያዳላበታል፤ ቁጥር ግን ዘመድ የለውም። ይህን የሚል ሰው የሚያውቀውን ነው የሚናገረው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ደሀ ቤተሰቦች መዋጮአቸው እንዲሸፈን ሲያደርግ ደሀው ማን ነው የሚለውን በየቀበሌው ማኅበረሰቡ እንዲመርጥ ተደረገ። በዚህ ምርጫ ውስጥ አድልዎ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ቁጥር አድልዎን የሚያጠፋው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ይመስለኛል፦ ማን እንዳወጣው ሲታወቅ፣ ምንን እንደ ለካ ሲታወቅ፣ ሊስተካከል ሲችል። ያለ እነዚህ አድልዎው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ፕሮግራሙ ወደ ተጻፈበት ክፍል ይዛወራል፤ እዚያ ደግሞ የቡሬ ባለ ጉዳይ በር አንኳኩቶ ሊገባ አይችልም። በሬ አለው የተባለ ሰው በሬው ያረጀ ይሁን፣ የጋራ ይሁን፣ የተበደረበት ይሁን ጎረቤቱ ያውቃል፤ መጠይቁ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥርን አልጠላም፤ የምጠላው ስም የሌለውን ቁጥር ነው።

የፈላስፎች ተቃውሞም አለ። ቲሞቲ ዊሊያምሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ ቃል ሁሉ ስለታም ዳር አለው፣ እኛ ግን ልናውቀው አንችልም ይላል። ለእርሱ ደጋ የሚጀምርበት ትክክለኛ ሜትር አለ፤ ተደብቆብናል እንጂ። ይህን ለመቀበል ይከብደኛል፤ የቃልን ትርጉም የሚሠራው የተናጋሪዎቹ አጠቃቀም ከሆነ፣ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ያላሰመሩትን መስመር ማን እንዳሰመረው አይታየኝም። ሆኖም ዊሊያምሰን ልክ ቢሆን እንኳ የማሽኑ ግዴታ አይለወጥም፤ ሊታወቅ የማይችልን ዳር እንዳወቀ ሆኖ መናገር ያኔም ሐሰት ነው። ሌላው ተቃውሞ እኔ የመረጥኩትን መንገድ ራሱን ይወጋል፦ የሚፈቀዱ ወሰኖች ስብስብ ከ2,300 እስከ 2,500 ከሆነ፣ 2,299 ለምን ተከለከለ? ለዳሩ ዳር አበጀህ ማለት ነው። እውነት ነው፤ ብዥታው አልጠፋም፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቷል። ይህን ጨርሶ የሚዘጋ ሐሳብ አላየሁም። ግን የኔ ክርክር ብዥታን ማጥፋት ይቻላል የሚል አልነበረም። አንድ ሜትር በሚያስመርጥ መስመርና 200 ሜትር በሚያሳይ ሰፊ ወሰን መካከል ለገበሬው ትልቅ ልዩነት አለ፤ በሰፊው ወሰን ጫፍ ላይ የሚሠራ ስሕተት ማሽኑን አላውቅም ከማለት ወደ ማወቅ ይወስደዋል፤ በአንዱ መስመር ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን ከአዎ ወደ አይደለም ይገለብጠዋል።

አዳዲሶቹ የቋንቋ ሞዴሎች ይህን ሁሉ አልፈውታል የሚሉም አሉ። ወሰን አልተጻፈላቸውም፤ ከብዙ ጽሑፍ የሰውን አጠቃቀም ተምረው እንደ ሰው ይናገራሉ። መማራቸው እውነት ነው። ነገር ግን የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት የተጻፈው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ አነጋገራቸው ነው፤ ስለ ጮቄ ጫፍ ሲጠየቁም ስለ ደብረ ማርቆስ ሲጠየቁም በአንድ ዓይነት እርግጠኛ ድምፅ ሊመልሱ ይችላሉ። በዚያ ላይ ወሰኑ በተጻፈ ሕግ ውስጥ ስለሌለ፣ ማን አሰመረው ተብሎ የሚፈለግበት ቦታ እንኳ የለም። የድሮው ፕሮግራም ቢያንስ 2,300 የሚል መስመር ነበረው፤ ከፍቶ ማየት፣ ይህን ማን ጻፈው ማለት ይቻል ነበር።

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የ8028 የስልክ መስመርን ሲከፍት ገበሬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ቁጥር እየነካ የተቀዳ ምክር መስማት ቻለ። በዚያ መንገድ የሚመጡት ቀጣይ ሥርዓቶች ጠያቂውን ሰምተው አመዛዝነው የሚመልሱ ይሆናሉ። ገበሬ አዎ ወይም አይደለም ይፈልጋል፤ በፍልስፍና አታስቸግሩት የሚል ሰው ይኖራል። ማሳው በሁሉም ወሰኖች ውስጥ ለወደቀ ገበሬ፣ እኔም ያለ ምንም ሐተታ አዎ ይባል እላለሁ፤ አብዛኛው ማሳም እንዲህ ያለ ነው። ማሳው 2,250 ሜትር ላይ ያለ ሰው የበቆሎ ዘር ሲጠይቅ ግን ሥርዓቱ ምክሩ እስከ 2,200 ሜትር መሆኑን፣ ይህን ወሰን ያወጣው የትኛው የምርምር ተቋም እንደ ሆነና በየትኛው ዓመት እንዳወጣው ይንገረው፤ ከዚያም ማሳህን ውርጭ ይመታዋል ወይ፣ ጎረቤትህ ባለፈው ዓመት ምን ዘራ ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም መዝግቦ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ያስተላልፍ። ልማት ሠራተኛው መጥቶ ማሳውን አይቶ ይዘራ ወይም አይዘራ ሲል ስሙ በመዝገቡ ላይ ይኑር፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ውጤቱ ከዚያው ሥር ይጻፍ፤ ወሰኑን ያወጣው ተቋምም በየጥቂት ዓመቱ ይህን መዝገብ ከፍቶ 2,200 የሚለውን ቁጥሩን እንደገና ይመርምር።